የአማቴ ጉልበትና የእኔ ሃይድሮጅን

ነገሩ ከየት ጀመረ ብትሉኝ ከቤንዚን ሰልፉ ልጀምርላችሁ እችላለሁ፤ ከአማቴ ጉልበትም ልጀምርላችሁ እችላለሁ። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ነው የከዱን። ቤንዚኑ ከማደያው ጠፋ፤ የአማቴ ጉልበት ደግሞ አልታጠፍ አለ። እኔም ብልህ መስዬ ሁለቱን ችግር በአንድ ዘዴ ልፈታ ተነሣሁ። ይኸው የተፈታው የትኛው እንደሆነ፣ የተቋጠረውም የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናንተ ከገባችሁ ሰው ላኩብኝ።

አማቴን ሳላስተዋውቃችሁ ወደፊት ብሄድ ነውር ነው። ወይዘሮ አበቡ ይባላሉ። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ። በእኛ አገር ወግ አማትና አማች አንቱ ይባባላል። ይህን የሰማ የሩቅ ሰው «መከባበር እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። በአንቱ ተሰድቦ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። «አንተ ደነዝ» ያላችሁ ሰው ቢኖር ትቆጣላችሁ፣ ትመልሱለታላችሁ፣ ይወጣላችኋል። አማት ነጠላቸውን አስተካክለው በቀስታ «ምነው ልጄ፣ ዛሬም ሳያስቡበት ነው የወጡ?» ሲሏችሁ ግን ምን ትላላችሁ? እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው የምለው። ለምን እንደማመሰግን ግን አላውቅም።

አማቴ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ የሕማማትን ስግደት አስታጉለው አያውቁም። ዓምና ግን ጉልበታቸው እምቢ አለና ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው አሳለፉት። ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሣ እሳቸው እንደቆሙ ቀሩ። ስቅለት ዕለት ቤት ሲገቡ «ጌታ ሲሰቀል እኔ ተገትሬ ዋልሁ» ብለው አለቀሱ። አማቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለቤቴ የሺም እንባቸውን አልረሳችውም። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲጋመስ ቀስ ብላ «እማዬ ከሕማማት በፊት ወንዛዬ ፍል ውሃ መግባት አለባት» አለችኝ። አማቴን ማን ይወስዳቸዋል? መኪና ያለው አማች። በሚኒባስ ይሂዱ እንዳልል ጉልበታቸው በዚያ ጥበት አይታጠፍም። ደግሞስ መኪና ያለው አማች እያለ አማት በሚኒባስ ከሄዱ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ወንዛዬ መዳረሻ ሐሙሲት ይገባል።

መኪናዬ ነጭ ዲኤክስ ናት። ነጭ የምላት ከልማድ ነው። የቤንዚን ቀስቷ ግማሽ ላይ ሞታለች፤ ሞልታም ግማሽ ናት፣ ደርቃም ግማሽ ናት። ደግሞ በስሜ ትሁን እንጂ የእኔ አይደለችም፤ የሰፈሩ ናት። ለቅሶ ካለ ትሄዳለች፤ ሠርግ ካለ ትሄዳለች፤ ወላድ ታመጣለች፤ እህል ወፍጮ ቤት ታደርሳለች። ጎረቤቴ ሙጭት አንድ ጊዜ «ለአፍታ ነው» ብላ ሙክት ጭናባት ሙክቱ ከተበላ በኋላም ጠረኑ አልወጣ ብሏል። እምቢ እንዳልል ደግሞ ነገ እኔም ሬሳ አለኝ፤ ማለቴ ሟች ነኝ። ሰው ያስፈልገኛል።

እናም አንድ ጠዋት ማደያው ሰልፍ ላይ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ቪዲዮ መጣልኝ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ እያወራ ውሃ የሞላ ዕቃ ያሳያል። ውስጡ ብረቶች ተደርድረዋል። ከባትሪ ሽቦ ሲያያዝባቸው ውሃው ይፈላል፤ አረፋው ጋዝ ሆኖ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ ይሄዳል። ከዚያ ሰውዬው የቤንዚኑን ቀስት እያሳየ ይስቃል። ቋንቋውን ባላውቅም ሳቁን አውቀዋለሁ፤ ሰልፍ የማይሰለፍ ሰው ሳቅ ነው። በኋላ እዚያው የተሰለፈ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስረዳኝ። ጋዙ ሃይድሮጅን ነው፤ ውሃ በመብራት ሲመታ ይወጣል፤ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ሲነድ ቤንዚን ይቆጥባል ይላሉ አለኝ። «ይላሉ» ያላትን ቃል ያን ጊዜ ልብ አላልኳትም።

እኔ ውሃ እሳት ያጠፋል ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ ውሃ ይነዳል እየተባልኩ ነው። ግራ ገባኝ። ግራ የገባው ሰው ደግሞ ወይ አርፎ ይቀመጣል ወይ ባንታየሁ ጋ ይሄዳል። ባንታየሁ ጋ ሄድኩ።

ባንታየሁ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። የጋፋት ልጅ ስለሆነ ብረት ነክ ነገር ሲነሣ ደረቱ ይነፋል። ቪዲዮውን ሳሳየው ሳይጨርሰው ስልኬን መለሰልኝ።

«ይችማ ምን አላት?» አለ። «እኛ መድፍ ያፈሰስን ሰዎች ነን።»

የሠራልኝ የጓሮ በር እስከ ዛሬ አይዘጋም። ቢሆንም መድፍ ያፈሰሰ ዘር ማሰሮ አያቅተውም ብዬ እሺ አልኩ። ማር የነበረበት ወፍራም ክዳናም የፕላስቲክ ማሰሮ ፈለገ። ከማይዝግ ብረት ድስት ላይ ቁርጥራጭ አወጣ፤ ድስቱ የየሺ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ውሃ እስከ ግማሹ አድርጎ የዳቦ ሶዳ በጠበጠበት። ከባትሪው ሽቦ ሳበ፤ ከክዳኑ ቱቦ አወጣ። ሞተሩ ሲነሣ ውሃው እንደ ጠላ ጥንስስ ቡፍ ቡፍ ማለት ጀመረ። ደስ አለን። ባንታየሁ ደስታው ስላልበቃው «ጋዝ መሆኑን ላሳይህ» ብሎ ቱቦውን ሳሙና የተመታበት ጣሳ ውስጥ ነከረው፤ አረፋው ሲኩረፈረፍ ክብሪት ጫረበት።

ጧ!

ያን ቀን ሰፈራችን ውስጥ ያልበረገገ ዶሮ አልነበረም። የባንታየሁ አንዱ ቅንድብ የት እንደሄደ አልታወቀም። ሙጭት ከግቢዋ ሮጣ ወጥታ አጥሩ ላይ ቆመች። ጣሳውን አየች፤ ማሰሮውን አየች፤ ቅንድቡን አየች። ከዚያ ወደ ሰፈሩ ዞራ «ሰዎች፣ ይች መኪና ትፈነዳለች!» ብላ አወጀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙኝ። ቤንዚኑ አላልቅ አለ! ቀስቷ ስለሞተች ዘንግ እየከተትኩ እለካለሁ፤ ዘንጉ ዛሬም እርጥብ፣ ነገም እርጥብ ነው። በፊት ማደያ ለማደያ ስንከራተት የምከርመው ሰውዬ አሁን ሰልፉን በመስኮት እያየሁ እንደዚያ ራሰ በራ እስቅ ጀመር። ቢሮ ውስጥ ስለ ሃይድሮጅን ያላስተማርኩት ሰው አልቀረም። የሥራ ባልደረቦቼ አዳምጠው ሲያበቁ በእግራቸው ይሄዳሉ። እኔም «ና ላድርስህ» ስላቸው «አይ፣ ልንሸራሸር» ይላሉ። ሙጭት እህሏን በአህያ ወሰደች። ለቅሶ ሲኖር ሰፈርተኛው መንገድ አቋርጦ በሌላ ሰው መኪና ይሄዳል። እኔ ራሴ ማሰሮው እንዳይናወጥ ብዬ እንደ ሙሽራ አጃቢ በዝግታ ነበር የምነዳው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሽ አውጥቼ እንዲሁ እለቃታለሁ፤ ሞተሩ ሲጮህ ማሰሮው ስለሚያስፈራኝ።

እናንተ ነገሩ አሁን የገባችሁ ይመስለኛል። እኔ ግን አልገባኝም ነበር። ሃይድሮጅን ነው አልኩ።

ለአማቴም አስረዳሁ። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው እኛ ቤት አደሩ፤ ማታ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን ቅባት እያሹ ነበር።

«ማደያው ቤንዚን ባይኖረውም አያሳስብም» አልኳቸው። «ይች መኪና ግማሹን የምትሄደው በውሃ ነው።»

«በምን ውሃ?»

«በቧንቧ ውሃ።»

ጉልበታቸውን ማሸት አቁመው አዩኝ። «ወደ ጸበል ነው የምንሄድ ወይስ ወደ ቧንቧ?»

«ወደ ጸበል።»

«እንዲያ ነው?» አሉና ዝም አሉ። አማቴ ዝም ሲሉ ነው መፍራት። እኔ ግን ስለ ሃይድሮጅን ሳወራ ሰው ዝም ሲል ተገረመ ብዬ ነው የማስበው።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወጥቼ በሩን ስከፍት ደጄ ላይ ሰው ቆሟል። ያቺ «ትፈነዳለች» ያለችው ሙጭት ከነባሏ፣ የአካባቢያችን ቄስ መምሬ ደምሴ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሁሉም ስንቅና ባዶ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመዋል። አማቴ ከፊት ለፊታቸው እንደ ጦር መሪ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ወንዛዬ ነዋ» አለች ሙጭት። «ወገቤ እኮ ገደለኝ።»

«አትፈነዳም እንዴ?»

ሙጭት አፈረችልኝ። «ጸበል ገብቶባት ምን ትፈነዳለች!»

ሮጬ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ። ማሰሮው እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቷል። አማቴ ከእኔ ቀድመው ተነሥተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል አስቀድተው ሞልተውታል። እዚያው ደግሞ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አማቻቸው በጸበል የምትሄድ መኪና እንዳላቸው ነግረዋል።

«እናቴ፣ ይህ ነገር ግማሽ ብቻ ነው የሚሆነው» አልኩ። «ከላይ ለጋዙ ቦታ ያስፈልገዋል።»

«ለእግዜር ጎደሎ ይሰጣል?» አሉ። «ሞልቶ የሰጠንን እኛ አጉድለን?»

«እሺ፣ ትንሽ ብቻ ልድፋለት።»

ይህን ስል መምሬ ደምሴ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉት። «ወዴት ነው የምትደፋው? እግር በሚረግጠው ምድር ላይ?»

ልክ ናቸው። ጸበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ይህን የእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ግቢዬን ዞሬ አየሁ። እግር የማይረግጠው ቦታ የለም። የማይዘጋው የጓሮ በር የሰፈሩን ዶሮና በግ በሙሉ አስለምዶልኛል። የሺ ጠጋ ብላ «ተወው፣ ይሁን» አለችኝ በጆሮዬ። «ጸበል ለሚሄድ በሽተኛ ደግሞ ቦታ የለኝም እንዳትል። እማዬ ስታፍር ማየት አልፈልግም።»

አላልኩም። ጫንኳቸው። አማቴ ከፊት፣ የቀሩት ሦስቱ ከኋላ፣ ጀሪካኖቹ ጣሪያው ላይ በገመድ። ልነሣ ስል አማቴ እግሬን ተመለከቱ።

«ጸበል ይዘው ጫማ ያደርጋሉ እንዴ ልጄ?»

የደብረ ታቦርን የመጋቢት ማለዳ የማታውቁ ካላችሁ የፍሬን ፔዳል በባዶ እግር ረግጣችሁ ሞክሩት። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በፔዳሉ አድርጎ ጥርሴ ድረስ ገባ።

እስከ ዓለም በር ድረስ በሰላም ሄድን። ሰላም ማለቴ ማንም አልሞተም። ማሰሮው በየኩርባው ይንቦጫረቃል፤ ሞተሩ አልፎ አልፎ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እህ እህ ይላል። መምሬ ደምሴ ከኋላ ዳዊት ይደግማሉ። የቤንዚን ቀስቷ ግማሽ ላይ ናት። ዓለም በር መግቢያ ላይ አንድ ትራፊክ እጁን ዘረጋ።

መጀመሪያ ጀሪካኖቹን አየ። «ቤንዚን ልትነግድ ነው?»

«ባዶ ናቸው። ጸበል ልንቀዳባቸው ነው።»

ቀጥሎ ባዶ እግሬን አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ሞተሩን ክፈት» አለ። ከፈትኩ። ማሰሮው ቡፍ ቡፍ ይላል፣ ቱቦው ተዘርግቷል፣ ጠርዙ ላይ ነጭ አረፋ አለ። ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ቀና አለ።

«መኪና ውስጥ አረቄ ታወጣለህ?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ብዬ ልጀምር? ማሰሮ፣ ፈሳሽ፣ ቱቦ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አረቄ ነው የምለው። ስለ ሃይድሮጅን ጀመርኩለት። ውሃው በመብራት ይመታል፣ ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙ ይነዳል፣ ሲነድ ደግሞ ተመልሶ ውሃ ይሆናል አልኩት። ስናገር ራሴን ሰማሁት፤ እውነትም አረቄ የጠጣ ሰው ንግግር ነው።

«ውረድ» አለኝ። «አፍህን ላሽትተው።»

አማቴ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አማቼ አይጠጡም። እንዲሁ ናቸው።»

መምሬ ደምሴም ከኋላ መቋሚያቸውን አውጥተው «ጸበል ነው ልጄ፣ ስለ ጸበል ሰው አይጨቃጨቅም» አሉ።

ትራፊኩ ቆቡን አወለቀ። አማተበ። ማሰሮውን፣ መምሬን፣ ባዶ እግሬን እንደገና አየ። ሁሉም ነገር በአንዴ ትርጉም የሰጠው መሰለኝ፤ እኔን ብቻ ነው ያልሰጠኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «እንግዲያማ አክስቴን ውሰዱልኝ» አለ። «ሁለት ሳምንት ወንዛዬ የሚወስዳት አጥታ ነው።» አክስቱ ከመንገድ ዳር ከሚገኝ ቤት ከነጀሪካናቸው ወጡ። ወፍራም ሴትዮ ናቸው፤ እግዜር ይባርካቸው። ከኋላ ገቡ። መኪናዋ ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ቀና አለች።

ከዓለም በር ቁልቁለቱን ጨርሰን ፎገራ ሜዳ ገባን። በወረታ በኩል ወደ ሐሙሲት ታጥፈን ብርዱ ሙቀት ሆኖ ላቤ ሲንቆረቆር ሞተሩ አንዴ እህ አለ፣ ሁለተኛ እህ አለ፣ ከዚያ ዝም አለ። መኪናዋ ራሷ እያዘገመች ሄዳ አንድ የሽንኩርት ማሳ ዳር ቆመች። ወርጄ ከፈትኩ። እስከ አፉ የሞላው ማሰሮ በጋዝ ፈንታ ራሱን በቱቦው ወደ ሞተሩ አስገብቷል። ሞተሩ ውሃ ጠጥቷል። እኔ ቃል የገባሁት ይህንኑ አልነበረም እንዴ?

አማቴ ወርደው በምርኩዛቸው ተደግፈው ማሰሮውን አዩት። የማይዝገው ብረት ዝጎበት ውሃው ቡኒ ሆኗል።

«የኔ ጸበል እንደ ዓይን የጠራ ነበር» አሉ። «ምን አደረጉት?»

«በመብራት መታሁት።»

«ጸበል መቱ?»

ምን ልበል? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

ማሰሮውን ፈትቼ መድፋት አለብኝ፤ ካልተደፋ መኪናዋ አትነሣም፤ ካልተነሣች አማቴ ወንዛዬ አይደርሱም፤ ካልደረሱ ደግሞ ዘንድሮም ግድግዳ ተደግፈው ነው። መድፋት ግን አይቻልም። የትራፊኩ አክስት «እንጠጣውና እናብቃ» አሉ፤ መምሬ ደምሴ ጎንበስ ብለው ቀለሙን ሲያዩ «ዝገትን መጠጣት አልታዘዝንም» ብለው አዳኑን። ያ ሁሉ ሰው ማሰሮውን ከቦ እግር የማይረግጠው ቦታ ፍለጋ ሜዳውን ያያል። በፎገራ ሜዳ ከብት የማይረግጠው መሬት ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም። በመጨረሻ የሽንኩርቱ ባለቤት መኮትኮቻውን ተሸክሞ መጣ። ነገሩን ሁሉ በጽሞና ሰማ።

«አልገባኝም» አለ። ወንድሜ! ያን ቀን በጣም የወደድኩት ሰው እሱን ነው። «ጸበሉ ለመኪናው ነው ወይስ መኪናው ለጸበሉ?»

«እኔም አልገባኝም» አልኩት። እየሳቀ ማሳው ጫፍ ላይ ባለ በእሾህ የታጠረ የዋንዛ ችግኝ ሥር አስደፋን። ማንም አይረግጠውም። መምሬ ባረኩት። የቱቦውን መግቢያ በጨርቅ ጠቅጥቄ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ከብዙ ሳል በኋላ ተነሣ። እልል ተባለ። አማቴም እልል አሉ። ጉዟችንን ቀጠልን፤ ሐሙሲት ከሩቅ ታየን። እኔም «አይዞን፣ ደርሰናል» አልኩ። ከዚያ መኪናዋ እንደገና ዝም አለች።

አሁን ምንም የሚፈስ ነገር አልነበረም። ዘንጌን ከተትኩ። ዘንጉ ደርቆ ወጣ።

«ቤንዚን አልቋል» አልኩ። «ግን እንዴት? ያ ሁሉ ሳምንት አላልቅ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ሙጭት እንደ ሕፃን አየችኝ። «አዬ ወንድሜ! ያ ሁሉ ሳምንት ማንም አልወጣባትማ። ፈርተንህ ነው እንጂ።»

ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ ቤንዚኔን ያተረፈው ሃይድሮጅኑ ነው ወይስ ፍርሃቱ? ቁልቁለቱ ነው ወይስ ዝግታዬ? ወይስ የሙጭት አህያ ናት? እያሰብኩ ሳለ አማቴ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ልጄ፣ አሁን ያስባሉ ወይስ ይገፋሉ?»

ገፋሁ። የሙጭት ባልና እኔ ከኋላ፣ መምሬ ደምሴ በመቋሚያቸው ከጎን፣ ሙጭት መሪ ይዛ። ሙጭት መሪ ይዛ አታውቅም፤ ሁለት ጊዜ ወደ ቦይ ወስዳናለች። ሁለቱንም ጊዜ ከቦዩ ያወጣናት እኔና ጀርባዬ ነን። አማቴ «እንዳልከብዳቸው» ብለው ወርደው በምርኩዛቸው አጠገቤ ይራመዳሉ። ፀሐዩ አናቴን ይመታኛል፣ አስፋልቱ ባዶ እግሬን ይጠብሰኛል፣ ጫማዬን ባደርግ ደስ ባለኝ፤ ግን ጸበሉ አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለውን ማን ይፈርዳል? አንድ ቦታ ላይ ወገቤ ቀጭ አለ። ድምፁን አማቴም ሰሙት።

«አይዞዎት» አሉ። ስድብ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። አልነበረም።

ከሐሙሲት ወንዛዬ ድረስ በባጃጅ ላክኋቸው። የሺ በማግስቱ ደርሳ አብራቸው ሰነበተች። እኔ ግን ወገቤን ይዤ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ የተሳፈርኩት በሚኒባስ ነው። መኪናዋ በሐሙሲት አንድ ግቢ ውስጥ ቤንዚን እስኪገኝ ቆማ ቀረች። ተመልሳ ስትመጣ ማሰሮው የለባትም፤ ሰፈሩ ግን «ጸበል የገባባት መኪና» ይላታል። በፊት ለቅሶና ወፍጮ ብቻ ነበር፤ አሁን በሽተኛ ሁሉ በእሷ ካልሄድኩ አልድንም ይላል። ዘንጉ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ባንታየሁ ሌላ ማሰሮ ልሥራልህ ብሎኛል፤ ቅንድቡ በቅሏል።

አማቴስ? ስቅለት መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሣ እኔ ቀበቶ የሚያህል ጨርቅ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ዓምና አማቴ የቆሙበት ቦታ። እሳቸው ከፊት ናቸው። ሲወድቁ አያለሁ፣ ሲነሡ አያለሁ፤ ጉልበታቸው መሬት ሲነካ፣ ግንባራቸው መሬት ሲነካ፣ ደግሞ ብድግ። ላባቸው ነጠላቸውን አርሶታል። ዓይኔ እንባ ሞላ። በሃይድሮጅን አመካኝቼ እንዳላለቅስ ማሰሮው የለም።

ማምሻው ላይ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ተሰልፎ በካህናቱ እጅ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እየተደረገ የየራሱን ስግደት ይቀበል ጀመር። የእኔ ተራ ሲደርስ ፊቴ የቆሙት መምሬ ደምሴ ናቸው። ምንም ሳልናገር ገና ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። በወይራው ከሌላው ሰው ጠበቅ አድርገው ቸብ አደረጉኝና «ስለ ዝገቱም ጭምር» ብለው የስግደቱን ቁጥር ነገሩኝ። ቁጥሩን አልነግራችሁም። ሲሰማው ግን የሙጭት ባል ከኋላዬ አፏጨ።

«መምሬ፣ ወገቤ…» ብዬ ስጀምር ከጎኔ ምርኩዝ ያልያዘ እጅ ትከሻዬን ነካ።

«የእሳቸውን በእኔ ላይ ያድርጉት» አሉ አማቴ። «ይህን ጉልበት ገፍተው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

ከዚያ ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና፣ የእኔን አንድ ብለው ጀመሩ።